ጠፋ ስንል

የጠፉ ልጆችን ከቤተሰባቸው በምናገናኝበት ቢሯችን ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ከእጄ የማልለየው አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ነው። ኮምፒውተርም አለን፤ መብራት ሲኖር ይሠራል፣ ሳይኖር ዝም ይላል። የመዝገቡን አምዶች ያሰመርኳቸው እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረች ሴት ማስመሪያ አታጣም። ስም፣ ግምታዊ ዕድሜ፣ የሚናገረው ቋንቋ፣ የለበሰው ልብስ፣ የተገኘበት ቦታና ሰዓት፣ ያመጣው ሰው። ከዚያ ቀጥሎ «እንዴት ጠፋ?» የሚል አንድ ጠባብ አምድ አለ። ሳሰምረው ሁለት ሦስት ቃል የሚበቃው መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ያ አምድ በየገጹ ወደ ጎን ይፈስሳል፣ ጠርዝ ላይ ይጣመማል፣ አንዳንዴም በወረቀቱ ጀርባ ይቀጥላል። ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የቃሉም ነው። ቁልፍ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ በሬ ይጠፋል። ወዳጃችንን ሁለት ሳምንት ሳናየው ከቆየን «ምነው ጠፋህ?» እንለዋለን። እጇ ከእናቷ እጅ ያመለጠ የአራት ዓመት ልጅ ጠፋች ትባላለች። ደላላ አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ የወሰዳትም ጠፋች። ሌሊት ተነሥቶ በራሱ እግር ከቤት የወጣውም ጠፋ። ሦስቱን በአንድ አምድ ጽፎ በአንድ መንገድ ለመፈለግ መነሣት ምን ያህል እንደሚያሳስት ሥልጠና ላይ አልነገሩኝም፤ ተሳስቼ ነው የተማርኩት።

ከሦስቱ የሚቀለው የመጀመሪያው ነው። የሚቀለው ለእኛ እንጂ ለእናትየዋ አይደለም።

ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ሐዋሳ ገብርኤልን ያነገሠ ሰው ሕዝቡን ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ፣ ከሻሸመኔ፣ ከዲላ የመጣው ምእመን አደባባዩን ሞልቶ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ ይይዛል። በእነዚህ ሁለት ቀናት ከጠዋት ጀምሮ ድንኳን ተክለን እንቀመጣለን። ረፋዱ ላይ ሥራ የለንም ማለት ይቻላል። ታቦት ሲወጣ ግን ልጆች ይጎርፋሉ። መጀመሪያ ምክንያቱ የሕዝቡ ግፊያ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ሦስት ዓመት ካየሁ በኋላ ነው የገባኝ፤ ለማጨብጨብ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። እናት የልጇን እጅ የምትለቀው ያን ጊዜ ነው።

በአንዱ የታኅሣሥ በዓል አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት አራት ዓመት የሚሆናትን ልጅ ታቅፎ አመጣልን። ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። አታለቅስም፤ ለቅሶዋን ጨርሳ ሳግ ላይ ደርሳለች።

«ስምሽ ማነው?»

«ሚጣ።»

«የእማዬስ ስም?»

«እማዬ።»

«ቤታችሁ የት ነው?»

ጣቷን ወደ ሕዝቡ ቀሰረች። «እዚያ።»

ሚጣ ብሎ መዝገብ የለም። ማሙሽ፣ አቡሽ፣ ኩኩም እንደዚሁ፤ በየቤቱ ግን ሞልተዋል። በድምፅ ማጉያ «ሚጣ የምትባል ልጅ የጠፋችባችሁ» ቢባል ሠላሳ እናት ትደነግጣለች። ለአንድ ልጅ ሦስት ስም ማውጣት ልማዳችን ነው፤ የቤት፣ የትምህርት ቤት፣ የክርስትና። የጠፋ ልጅ የሚነግረን የቤቱን ስም ነው። እናት ደግሞ ፖሊስ ፊት ስትቆም፣ መንግሥት ነውና፣ የትምህርት ቤቱን ትሰጣለች። አንድ ልጅ በሁለት ወረቀት ላይ በሁለት ስም ተጽፎ፣ አንዱ ተገኘ፣ ሌላው ጠፋ እየተባለ ሰዓታት ያልፋሉ።

ስለዚህ ትንንሽ ልጆችን ስም ጠይቄ ውዬ አላድርም። ልጅ አድራሻውን ባያውቅ ቤቱን ያውቃል። «ጠዋት ስትነሺ ምን ትሰሚያለሽ?» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች፣ ጉንጮቿን ነፋች፣ ከዚያም ምራቋ እስኪረጨኝ ድረስ «ጵስስስስ!» አለች። የድንኳኑ ሰው ሁሉ ሳቀ። እባብ ነው? የቡና ማሽን ነው? ራሷን ነቀነቀች። በእኛ አለማወቅ ትንሽ የተናደደች መሰለኝ። «ጋሼ ነው! ጎማውን!»

ጎሚስታ። ከቤታቸው ፊት ለፊት ጎሚስታ አለ።

እዚህ ላይ የባጃጅ ሹፌሮች ይመጣሉ። እነዚህ ልጆች ደመወዝ የማንከፍላቸው ሠራተኞቻችን ናቸው። ሐዋሳ ውስጥ የትኛው ሰፈር የትኛው ጎሚስታ እንዳለ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጎማቸው በየቀኑ ይተነፍሳል። የበሩን ቀለም ጠየቅናት፤ ሰማያዊ አለች። አንደኛው ሹፌር ትንሽ አሰበና «አቶቴ በኩል አንድ አውቃለሁ» ብሎ ሄደ። ጎሚስታው ልጅቷን በምልክት ብቻ ለይቶ የአባቷን ስልክ ደወለ። እናትየዋ ያን ሁሉ ጊዜ ከድንኳናችን ሁለት መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሌላኛው በር ላይ ስትጮህ ነበር።

ነጠላዋ መሬት እየጠረገ መጣች። መጀመሪያ ቆነጠጠቻት፣ ከዚያ አቀፈቻት። ልጅቷ ከዚያ ሁሉ ነገር በኋላ ለእናቷ የነገረቻት የመጀመሪያ ወሬ «እማዬ፣ ጫማዬ ጠፋ» የሚል ነበር።

በዚያ ሁሉ እንባ መሀል እኔ እናትየዋን «ልጅሽ ሰውነቷ ላይ ምን ምልክት አላት?» ብዬ ጠየቅኳት። ተቆጣች። ማንም ይቆጣል። ግን «ልጄ ናት» ያለ ሁሉ ወላጅ አይደለም። ፖሊስ ባለበት፣ ልጁ ሰውየውን ሲያይ ፊቱ ምን እንደሚሆን አይተን፣ ጠባሳ ጠይቀን እንጂ በለቅሶ ብርታት ልጅ አናስረክብም። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 መጨረሻ ነው፤ ሕጉ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ቢሯችን የሚመጣው ወላጅ ግን የልደት የምስክር ወረቀት ይዞ ሲመጣ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ወረቀቱ ለትምህርት ቤት ምዝገባ ብቻ የሚያስፈልግ ይመስለዋል።

በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጨምባላላ፣ ግን ነገሩ ይለያል። ልጆች «አይዴ ጨምባላላ» እያሉ ከቤት ቤት ስለሚዞሩ፣ ጠፋ የተባለው ልጅ አናቱ ላይ ቅቤ ተደርጎለት ሦስተኛው ቤት ቡሪሳሜ ሲበላ ይገኛል። እንዲህ ዓይነት መጥፋት ቢበዛ አይከፋኝም።

ስለ መጀመሪያው ሰዓት ሁለት ነገር ልበልና ልለፍ። ትንሽ ልጅ ሲጠፋ የመጀመሪያው ሩጫ ወደ ውኃ ነው። ሐይቁ ብቻ አይደለም፤ ክፍት ጉድጓድ፣ የፍሳሽ ቦይ፣ ለግንባታ ውኃ የተጠራቀመበት በርሜል። ሌላው ሰው ደግሞ ቤቱን ይፈትሽ። አንድ ጊዜ ሰፈር ሙሉ ሰው ከመንገድ መንገድ ሲሯሯጥ ልጁ ከጤፍ ከረጢት ጀርባ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር። ፖሊስ ዘንድ ለመሄድ 24 ሰዓት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ይህ ከፊልም የተቀዳ ወሬ ነው። በዚህ ወሬ ምክንያት አንድ ሌሊት ሙሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያደረ አባት አውቃለሁ። ልጁ በደኅና ተገኘ፤ አባትየው ግን ያቺን ሌሊት እስካሁን ለራሱ ይቅር አላለም።

ግንቦት 17 ዓለም አቀፍ የጠፉ ሕፃናት ቀን ነው። ንግግር አድርጊ ተብዬ መነሻውን አነበብኩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 በዚያች ዕለት ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ወደ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ማቆሚያ ሲሄድ ጠፋ። አባቱ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። የልጁ ጥሩ ጥሩ ፎቶ በእጃቸው ስለነበር ምስሉ አገር አዳረሰ፤ ኋላም በወተት ካርቶን ላይ ታተመ። ንግግሬን ትቼ ያሰብኩት ስለ ፎቶው ነው። እኛ ዘንድ የሚመጡ ወላጆች የሚያመጡት ክርስትና ሲነሣ የተነሣውን ፎቶ ነው፤ ልጁ አሁን ሰባት ዓመቱ ነው። ወይም የአጎቱን ሰርግ ፎቶ፤ ጥግ ላይ ግማሽ ግንባሩ ይታያል። ለበዓል ስትወጡ ልጁ በዕለቱ የለበሰውን ልብስ እንደለበሰ በስልካችሁ ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው አንድ ፎቶ አንሡት። ሌላ ምክር የለኝም።

አንድ ነገር ረሳሁ። ፎቶውን በየማኅበራዊ ሚዲያው «አፋልጉኝ» ብላችሁ ከለጠፋችሁ፣ ልጁ ሲገኝ አንሡት። ከተገኘ አራት ዓመት የሆነው አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ እስካሁን «የጠፋው» እየተባለ ይጠራል። አንድ ሰው ፎቶውን በየዓመቱ አዲስ አስመስሎ ያዞረዋል። ማስታወቂያው ላይ የግል ስልካችሁን ስታደርጉ ደግሞ «ልጅሽ እኔ ዘንድ ነው፣ ብር ላኪ» የሚል ጨካኝ እንደሚደውል ጠብቁ። ደውሎ ያውቃል፣ ይደውላል።

ሁለተኛው ዓይነት ላይ ቁጣዬን መግታት ስለሚያቅተኝ አሳጥረዋለሁ። መናኸሪያ ቆሞ ከገጠር የሚመጣውን አውቶቡስ የሚጠብቅ ደላላ አለ። ከእሱ የምትብሰው ግን ዘመድ ናት። «እያስተማርኩ አሳድግልሻለሁ» ብላ የወንድሟን ልጅ ታመጣለች፤ ልጅቷ ለሌላ ሰው ቤት በወር ደመወዝ ትሰጣለች፤ ደመወዙን የምትቀበለው አክስት ናት። እናት ስትደውል «ደኅና ናት፣ ትምህርት ላይ ናት» ትባላለች። አንድ ቀን አክስትየዋ ስልኳን ትቀይራለች። ልጅቷ የጠፋችው ያን ቀን ይመስላችኋል? የጠፋችው ከሁለት ዓመት በፊት አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ያልሞላን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ግን በሰው ቤት ተቀጥሮ ማገልገልን አይመለከትም። የሰዎች ዝውውርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ፤ ጠንካራ ሕግ ነው። አባት ግን በገዛ እኅቱ ላይ ምስክር ሆኖ እንዲቆም ማድረግ የሚችል አዋጅ አላየሁም።

ወደ ሦስተኛው ልምጣ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለእሱ ነው።

ያኔ ዕድሜው አሥራ አንድ ዓመት የሚሆን ልጅ ነው። ከወላይታ ገጠር የመጣ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ጫማ ይጠርጋል። ሣጥኑ የእሱ አይደለም፤ ከሚበልጠው ልጅ በቀን እየተከራየ ይሠራል። ማታ ከሌሎች ስምንት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ለአዳር ከፍሎ ይተኛል። አባቱ «ልጄ ጠፋ» ብሎ በወረዳው አመልክቶ ስለነበር ወላይትኛ የሚናገረው ባልደረባችን በሁለት ቀን አገናኘው። እንዴት እንደተደሰትን! ገና ዓመት ያልሞላን ድርጅት ነበርን። በሦስተኛው ቀን አንድ ለጋሽ በሰጠን፣ በሁለቱም በር ላይ ዓርማ በተለጠፈበት መኪና፣ ከአንድ ፖሊስ ጋር ይዘነው ሄድን። በሻሸመኔና በሐላባ አድርገን፣ ከዋናው መንገድ ወርደን፣ በእንሰት መሀል። እናቱ መሬት ስማ አለቀሰች። ፎቶ አነሣን። ማታ መዝገቤ ላይ «ከቤተሰቡ ተቀላቀለ» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ፤ አስተማሪ አይደለሁ፣ ለትክክለኛ መልስ ቀይ ምልክት ማድረግ ለምዶብኛል።

በአምስተኛው ሳምንት መናኸሪያው ጋ ሳልፍ አንድ ልጅ ብሩሹን ሣጥኑ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ሰማሁ። ቀና ሲል እሱ ነው።

«አንተ! ደግሞ ጠፋህ?»

ብሩሹን አስቀመጠና እንደ ትልቅ ሰው አየኝ። አማርኛው ያኔ ገና ስብርብር ያለ ነበር። «ጠፍቼ አይደለም፣ እትዬ። መጥቼ ነው።»

አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዬን እየጠረገ ነገረኝ። ቤታቸው የዘር ብድር አለ። ያን ከፍሎ ደብተር ገዝቶ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። እኛ ባዶ እጁን መለስነው። ያም ይሁን። መኪናችን ግን፣ ያ የምኮራበት መኪና፣ ከፖሊሱ ጋር ሆኖ ለመንደሩ ሌላ ወሬ አወራ፦ «ከተማ ሰርቆ ተይዞ መጣ።» ከዚያ በኋላ የጎረቤት ዶሮ በጠፋ ቁጥር የሚታየው እሱ ሆነ። እናቱ ብትመሰክርለትም ማን ይሰማል፣ እናት ናት።

ይህን ሁሉ ሲነግረኝ አንድም ጊዜ አልወቀሰኝም። ጫማዬን ጨርሶ ሒሳቡን ተቀበለኝ። ብጨምርለት መለሰልኝ።

ቢሮ ተመልሼ ቀዩን መስመር ሰረዝኩት። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «የተቀላቀሉ ሕፃናት ብዛት» ከሚለው ላይ አንድ ቀነስኩ። የለጋሹ ባለሙያ ደውሎ «ቁጥር እንዴት ወደ ኋላ ይሄዳል?» አለኝ። ልጁ ሄዷላ፣ ቁጥሩ ተከተለው እንጂ። በቀጣዩ ዕቅድ አንድን ልጅ ሦስት ጊዜ ሄዶ ለመጎብኘት የትራንስፖርት ወጪ ስጠይቅም «ተገኝቷል አይደል? ለምን ትሄዳላችሁ?» ተባልኩ። ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ሕግ አማርሬ አላውቅም፤ በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከ10 በመቶ በላይ ገቢውን ከውጭ የሚያገኝን ድርጅት በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ስለነበር፣ በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ባይተካው ኖሮ እኛም ባልኖርን። የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ማለቱም ተገቢ ነው። የሚያስቸግረኝ ሕግ ያልጻፈው ነገር ነው፤ ልጅ መፈለግ ፎቶ አለው፣ ተመልሶ ሄዶ «እንዴት ነህ?» ማለት ፎቶ የለውም።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ በሕዝብ ማመላለሻ ሄድን፤ ባልደረባችንና እኔ፣ ያለ ዓርማ፣ ያለ ሰደርያ፣ ያለ ፖሊስ። ፈቃዱን ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ቀድመን ጨርሰን ነበር። ቀኑን የመረጠው ልጁ ነው፤ ገበያ የሚቆምበትን ቀን አለ፤ ለምን እንደሆነ ስንደርስ ገባኝ። በራሱ ገንዘብ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ ሦስት ሳሙና፣ ስድስት ደብተር ገዝቶ በፌስታል ይዟል። ፌስታሉን አግዘው ብል አሻፈረኝ አለ። ከዋናው መንገድ ጀምሮ በገበያው መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ራሱ ተሸክሞ ገባ። እኛን ማንም ልብ አላለንም። ብድሩን በተመለከተ ከአባትየው ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ ሁለት በግ ገዛንላቸው። በጎቹን በየትኛው የበጀት ርዕስ እንደጻፍናቸው አትጠይቁኝ፤ ኦዲተሩ ጠይቆኝ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቷል።

አሁን አራተኛ ክፍል ነው። ቤታቸው አጠገብ ያለ ሱቅ ስልክ አለው፤ እሑድ እሑድ እደውላለሁ፣ ይጠራልኛል። ብዙ አናወራም። በጎቹን እጠይቃለሁ፣ ፈተናውን ይነግረኛል። መዝገቡ ላይ ያለውን አምድ ለሦስት ከፍየዋለሁ፤ ሦስተኛው ላይ «መጣ» ይላል። አዲስ የተቀጠረች ልጅ ትርጉሙን ስትጠይቀኝ የእሱን ታሪክ ነገርኳት።

በቀደም በዓልና ሪፖርት ተደራርበው ሦስት እሑድ ሳልደውል ቀረሁ። ማክሰኞ ማታ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለልኝ። አማርኛው አሁን ከእኔ እኩል ሆኗል።

«እትዬ» አለኝ፣ «ምነው ጠፉ?»